ከአጥርዎ ጎን ያለውን የማይሠራበት መንገድ ወደ ግቢዎ ለመቀላቀል፦ በአሜሪካ ከተሞች ነገሩ እንዴት ይሄዳል?

ከአጥርዎ ቀጥሎ ሣር የወረሰው ቁራጭ መሬት አለ እንበል። መኪና ሲያልፍበት አይተው አያውቁም። የካውንቲው ካርታ ላይ ግን ስም ያለው መንገድ ነው። ወይም ከጓሮዎ ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ አሮጌ ፍራሽ ከሚጥሉበት ሰዎች በቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። «ከተማው ለምን አይሸጥልኝም?» ብለው ካሰቡ ጥያቄው ደህና ነው። አንድ ቃል ብቻ ይታረም። ከተማው አብዛኛውን ጊዜ አይሸጥም። ይለቃል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ አሠራር «ስትሪት ቫኬሽን» ይባላል። ሻንጣ ተሸክፎ የሚኬድበት ቫኬሽን አይደለም። ሕዝቡ በመንገዱ ላይ ያለውን የማለፍ መብት ከተማው በይፋ ሲያነሣ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ክሎዚንግ»፣ መዝጋት፣ ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሕጉ ግን የየስቴቱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ባነሣሁ ቁጥር የስቴቱን ስም እጠራለሁ፤ የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ ይዘው ኦሪገን እንዳይሄዱ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ መንገዶች ከየት መጡ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ መሬት ነጋዴዎች ሰፊ ቦታ ይገዙና በማስመሪያ ይሸነሽኑታል። ገደሉም ረግረጉም አይታያቸውም። የቤት መሥሪያውን ለሰው ይሸጣሉ። መንገዱን ደግሞ «ለሕዝብ መጠቀሚያ» ብለው በሽንሻኖ ካርታው ላይ ይሰጣሉ። ከዚያ ገደል ላይ መንገድ የሚሠራ ጠፋ። መስመሩ ግን ወረቀቱ ላይ ቀረ። «ፔፐር ስትሪት»፣ የወረቀት መንገድ፣ የሚሉት ይህንን ነው።

ደረጃ 1፦ መሬቱ በእውነት የማን ነው?

ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ከተማው በመንገድ ላይ ሁለት ዓይነት መብት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የመተላለፊያ መብት ብቻ ነው። «ኢዝመንት» ይሉታል። እዚህ ላይ አፈሩ ዱሮም የአዋሳኞቹ ነው፤ በላዩ የማለፍ መብት ግን የሕዝቡ ነው። ከተማው ያን መብት ሲያነሣ መሬቱ ሸክሙ ወረደለት ማለት ነው። ልክ ከመንገዱ መሐል መስመር ተነሥቶ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ከማዶ ላለው ጎረቤት ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ከተማው መሬቱን ራሱን ገዝቶ ወይም በስጦታ አግኝቶ ሙሉ ባለቤት ሲሆን ነው። ያኔ ጉዳዩ የመንግሥት ንብረት ሽያጭ ይሆናል። ጨረታም ሊመጣበት ይችላል፤ ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ ላይደርስዎት ይችላል።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ብዙ አሮጌ የአሜሪካ መንገዶች 66 ጫማ ስፋት አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዱሮ ቀያሾች የሚለኩበት ሰንሰለት 66 ጫማ ነበር። አንድ ሰንሰለት ዘርግተው «ይኸው መንገድ» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ ቢለቀቅ ለእያንዳንዱ ወገን 33 ጫማ ይደርሰዋል። የቦታዎ ርዝመት 100 ጫማ ከሆነ 3,300 ካሬ ጫማ አገኙ ማለት ነው። ቀላል አይደለም።

ግን «እኩል ለእኩል» ሁልጊዜ አይሠራም። መንገዱ የተሰጠው በሽንሻኖው ጠርዝ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ከአንድ ወገን መሬት ተቆርጦ ከሆነ፣ ሲለቀቅም ወደዚያው ወገን ይመለሳል። መሐል መስመር ብሎ ነገር የለም። እርስዎ ከማዶ ከሆኑ ገንዘብና ጊዜ አፍስሰው ለጎረቤትዎ ግቢ አስፍተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ወደ ካውንቲው የሰነድ መዝገብ ቤት ይሂዱና ዋናውን የሽንሻኖ ካርታ፣ «ፕላት» የሚሉትን፣ ያውጡ። መንገዱ መቼ፣ በማን፣ በምን ቃል እንደተሰጠ እዚያ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ካልገባዎት የታይትል ኩባንያ፣ የመሬት ባለቤትነት ሰነድ የሚመረምር ድርጅት፣ ከፍለው ያስመርምሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚወጡት ገንዘቦች ሁሉ የማይቆጨው ይህ ነው።

እግረ መንገዴን፦ «አጥሬን ካጠርኩት 30 ዓመት ሆኖኛል፣ በይዞታ የኔ ሆኗል» የሚል ክርክር በግል ጎረቤት ላይ ሊሠራ ይችላል። በሕዝብ መንገድ ላይ ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች አይሠራም። ዝም ስላሉዎት ሰጡዎት ማለት አይደለም።

በተቃራኒው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ1890 የወጣ አሮጌ ሕግ፣ የካውንቲ መንገድ ተሰጥቶ ለ5 ዓመት ሳይከፈት ከቀረ በራሱ እንደተለቀቀ ይቆጥረዋል። በ1909 ሕጉ ተሻሽሎ በሽንሻኖ ለተሰጡ መንገዶች መሥራቱን አቆመ። ከዚያ በፊት አምስቱ ዓመት ለሞላቸው ግን ጸንቶ ቀርቷል። ስለዚህ ሰፈርዎ በዚያ ዘመን ከከተማ ወሰን ውጭ ከነበረና ሽንሻኖው የዚያን ጊዜ ከሆነ፣ ከተማውን መለመን ሳያስፈልግዎ መንገዱ ከመቶ ዓመት በፊት ተለቅቆ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያረጋግጥልዎ ጠበቃ ነው፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ግን መጠየቅ ያዋጣል።

ደረጃ 2፦ ከሣሩ ሥር ምን ተቀብሯል?

መኪና አያልፍበትም ማለት ምንም አያልፍበትም ማለት አይደለም። የውሃ ቱቦ፣ ፍሳሽ፣ ጋዝ፣ የስልክ መስመር በወረቀት መንገዶች ሥር ይሄዳል። ከተማው መንገዱን ቢለቅልዎ እንኳ የመስመሮቹን መብት ለራሱ ያስቀራል። ያን ጊዜ መሬቱ የእርስዎ ሆኖ ጎመን መትከል ይቻላል፤ ቤት መሥራት ግን አይቻልም። ግብሩን ግን ይከፍላሉ።

ስለዚህ ቀያሽ ከመቅጠርዎ በፊት ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለጋዝና ለስልክ ድርጅቶቹ ይጻፉ። «በዚህ ቦታ መስመር አላችሁ ወይ? ልትዘረጉስ ታስባላችሁ?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ዋናው የፍሳሽ ቱቦ መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ከሆነና ዓላማዎ ግንባታ ከነበረ፣ እዚህ ላይ ቢያቆሙት ይሻላል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ከራስዎ ይጠይቁ። የእሳት አደጋ መኪና በዚህ በኩል ይዞራል? ከኋላ ያለ ሰው መውጫው ይህ ብቻ ነው? መንገዱ ሐይቅ ወይም ባሕር ዳር ያበቃል? ሁለተኛው «አዎ» ከሆነ ሥራው በአብዛኛው ሞቷል፤ ሰውን መግቢያ አሳጥቶ መንገድ የሚለቅ የከተማ ምክር ቤት አይገኝም፣ ቢገኝም ክስ ይከተላል። ሦስተኛውም ከባድ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ውሃ ዳር የሚደርስን መንገድ ለግል ግቢ ማስፋፊያ ተብሎ እንዲለቀቅ አይፈቅድም። ለወደብ፣ ለመናፈሻ፣ ለሕዝብ መዝናኛ ለመሳሰሉት ነው የሚፈቅደው።

ደረጃ 3፦ ጎረቤትን ማሳመን

ከመሐንዲሱ ይልቅ ሥራውን የሚያከሽፈው ጎረቤት ነው። የፊርማው ቁጥር ከስቴት ስቴት ይለያል። በዋሽንግተን ስቴት ከሚለቀቀው መንገድ ጋር ከሚዋሰነው ንብረት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚሆነው ባለቤቶች መፈረም አለባቸው። ኦሪገን የበለጠ ጥብቅ ነው። አዋሳኞቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው፤ አንድም ሰው ሳይቀር። በዚህ ላይ «ጉዳዩ ይነካዋል» ከሚባለው ዙሪያ መሬት የሁለት ሦስተኛው ስምምነት ይጨመራል። ያ ዙሪያ በግራና በቀኝ እስከ ቀጣዩ ትይዩ መንገድ፣ ቢበዛ 200 ጫማ ድረስ ነው። ከጫፍና ከጫፉ ደግሞ መንገዱን ተከትሎ 400 ጫማ ይሄዳል። ማለትም ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸውን ሰዎች በር ያንኳኳሉ።

ሲያንኳኩ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። አንድ ገጽ ካርታ ይያዙ፤ የትኛው ቁራጭ ለማን እንደሚደርስ በቀለም ይለዩት። ሰዎች የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፤ ወጪ እና የሚሠራው ነገር። «ማመልከቻውን እኔ እከፍላለሁ፣ የእናንተን ድርሻ ዋጋ ግን እንዲህ እናድርግ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። አጥር እንጂ አፓርትማ የማይሠሩ ከሆነ ይህንንም ይንገሯቸው። አፓርትማ የሚሠሩ ከሆነም ይንገሯቸው። ስብሰባው ላይ ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።

አንዳንዱ ጎረቤት «እኔ ድርሻውም አያስፈልገኝ፣ ግብሩም አይምጣብኝ» ይላል። ያለው አማራጭ፣ መንገዱ እንደተለቀቀ የእርሱን ግማሽ ለእርስዎ በሰነድ እንዲያስተላልፍ አስቀድሞ መዋዋል ነው። በቃል ተስማምቶ መቅረት ግን አይሆንም፤ መሬት ወዳጅነትን ሲያፈርስ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ፊርማ ሲሰበስቡ ደግሞ ሰነዱ ላይ ስማቸው ያለው ሁሉ ይፈርሙ። ባል ፈርሞ ሚስት ካልፈረመች ያ ፊርማ ውድቅ ሊደረግብዎ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ከማመልከቻው በፊት ከተማውን ያነጋግሩ

የመንገድ ወይም የምሕንድስና ክፍሉን ቀጠሮ ይጠይቁ። ጥያቄዎ አጭር ይሁን። ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ላይ የጠየቀ ነበር? ከነበረ ለምን ቀረበት? የማመልከቻው ክፍያ ስንት ነው? ተቀባይነት ባያገኝ ይመለሳል? ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለዚህኛው «ጥቂት ወር» የሚል መልስ ከሰጡዎት አይዝናኑ። ዓመት ማለፉ የተለመደ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አይርሱ፦ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» አትክልት ለመትከል ወይም አጥር ለማስጠጋት ብቻ ከሆነ ብዙ ከተሞች የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣሉ። ከተማው ሲፈልግ የሚያነሣው ፈቃድ ነው፤ መሬቱ የእርስዎ አይሆንም። ነገር ግን ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የመሬት ግብር አይጨምርም። እውነቱን ለመናገር መንገድ ይለቀቅልኝ ከሚለው ሰው ውስጥ ብዙው የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ

አሁን ቀያሽ ይቅጠሩ። የሚያስፈልገው ፈቃድ ያለው ቀያሽ ያዘጋጀው ካርታና የቦታው ሕጋዊ መግለጫ ነው። ሕጋዊ መግለጫ ማለት አድራሻ አይደለም። «ከዚህ ጥግ ተነሥቶ ይህን ያህል ጫማ ወደ ሰሜን» እያለ የሚሄደው ጽሑፍ ነው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ምክር ቤቱ የሚለቀው ሌላ መሬት ይሆናል፤ ለማረምም እንደገና ምክር ቤት መመለስ ሊመጣ ነው።

ከዚያ የምክንያት ደብዳቤው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ግቢዬ ጠባብ ነው» ብሎ ይጽፋል። ምክር ቤቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ይህን መንገድ ቢያጣ ምን ይጎድልበታል? ምንስ ያገኛል? መልሱን ከዚያ በኩል ይጀምሩ። መንገዱ ተሠርቶ አያውቅም፤ ቁልቁለቱ መንገድ አያሠራም፤ ትይዩው መንገድ ይበቃል፤ ቆሻሻ መጣያ ሆኗል፤ ከተለቀቀ ግብር ይከፈልበታል። ፎቶ ያያይዙ። ሲያትል ውስጥ «ጉዳት የለውም» ማለት ብቻ አይበቃም። አመልካቹ ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም ያቀርባል፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ትንሽ አደባባይ፣ የመሳሰለውን።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆኑ አንድ አቋራጭ አለ። መንገዱ ለተከታታይ 5 ዓመት መኪና የማያስኬድ ከሆነና በዚያ ጊዜ ለጥገናው የሕዝብ ገንዘብ ካልወጣበት፣ ምክር ቤቱ ረጅሙን ሥርዓት ትቶ በአጭሩ ሊለቀው ይችላል። «ሰመሪ ቫኬሽን» ብለው ይጠይቁ። መሐንዲሱ ራሱ ላያነሣልዎት ይችላል።

ደረጃ 6፦ ማስታወቂያውና ስብሰባው

መንገድ በድብቅ አይለቀቅም። በዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤቱ የስብሰባውን ቀን በውሳኔ ይወስናል። ቀኑ ከውሳኔው ከ20 ቀን ያላነሰ፣ ከ60 ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። ማስታወቂያው በከተማው ሦስት የሕዝብ ቦታዎችና በራሱ በመንገዱ ላይ ይለጠፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በመደበኛው ሥርዓት ከስብሰባው 2 ሳምንት በፊት በመንገዱ ዳር ይለጠፋል። በማስታወቂያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ300 ጫማ አይበልጥም፣ ቁጥራቸውም ከሦስት አያንስም። መለጠፉ የከተማው ሥራ ቢሆንም ሄደው በዓይንዎ ይዩት፣ ፎቶ ያንሡት። በማስታወቂያ ጉድለት የሚፈርስ ውሳኔ አለ።

ስብሰባው ላይ ለመናገር የሚሰጥዎት ደቂቃ ጥቂት ነው። ፎቶና ካርታ ያሳዩ፣ የደገፉዎትን ጎረቤቶች ይዘው ይምጡ። ተቃዋሚ ሲናገር አይቆጡ። ምክር ቤቱ እምቢ የማለት ሰፊ ሥልጣን አለው፤ ማመልከቻው ሙሉ ስለሆነ ብቻ «እሺ» ማለት አይገደድም። ድምፁም ቀላል ላይሆን ይችላል። ኢሊኖይ ውስጥ በሥልጣን ላይ ካሉት የምክር ቤት አባላት የሦስት አራተኛው ድምፅ ያስፈልጋል።

ትልቅ ገንዘብም ድምፅ አይገዛም። ሲያትል ውስጥ የቅርጫት ኳስ ስታዲየም ሊሠሩ የፈለጉ ባለሀብቶች የኦክሲደንታል ጎዳናን አንድ ቁራጭ እንዲለቀቅላቸው ጠየቁ። ስታዲየሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር። ወደቡና የወደብ ሠራተኞች የጭነት መኪናዎቻችን መሄጃ ያጣሉ ብለው ተቃወሙ። ሜይ 2 ቀን 2016 ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ፤ 5 ለ4 ወደቀ። በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ በአንድ ቁራጭ መንገድ።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡ

አንዳንድ ከተማ የአስተዳደር ክፍያ ብቻ ይቀበላል። ሌላው የመሬቱን ዋጋ ያስከፍላል። በዋሽንግተን ስቴት ከተማው እስከ ግምቱ ግማሽ ድረስ መጠየቅ ይችላል። መንገዱ ለ25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሕዝብ መንገድ ሆኖ ከቆየ ወይም በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ግን እስከ ሙሉው ግምት ይደርሳል። አሮጌ የወረቀት መንገድ ሁሉ 25 ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ለሙሉው ይዘጋጁ።

ለምሳሌ ገማቹ በካሬ ጫማ 10 ዶላር ቢል፣ ያ 3,300 ካሬ ጫማ 33,000 ዶላር ነው። በዚህ ላይ የቀያሽ፣ የገማች፣ የማመልከቻና የጠበቃ አለ። ከሥሩ ቱቦ ያለበትና ግንባታ የማይፈቀድበት መሬት ግን ግምቱም ዝቅ ማለት አለበት። ገማቹ ይህን ማየቱን ያረጋግጡ፤ ካላየው በጽሑፍ ይከራከሩ። ገንዘቡ የት እንደሚገባ የሚገርምዎት ከሆነ፣ በዚያው ስቴት ቢያንስ ግማሹ ለመናፈሻና ለክፍት ቦታ ወይም ለመንገድና ትራንስፖርት ግንባታ እንዲውል ሕጉ ያዛል።

ደረጃ 8፦ ከ«እሺ» በኋላ

ምክር ቤቱ ብዙ ጊዜ «እሺ፣ ግን» ይላል። ክፍያው ይጠናቀቅ፣ ቱቦው ይዛወር፣ የእግረኛ መንገዱ ይሠራ። እነዚህ ሳይሟሉ መንገዱን የሚለቀው የምክር ቤቱ ደንብ አይጸናም። ሲጸና በካውንቲው መዝገብ ቤት ይመዝገብ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይውሰዱ።

ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች አንድ ሎት የማድረግ ሥራ ሊኖር ይችላል። ካልተዋሐዱ አዲሱ ቁራጭ ለብቻው ቆሞ ግንባታ ላይፈቀድበት ይችላል። ሞርጌጅ ካለብዎት ለባንክዎ ያሳውቁ። የታይትል ኢንሹራንስዎም አዲሱን መሬት እንዲሸፍን ይጠይቁ፤ አሮጌው ውል ስለዚህ ቁራጭ አያውቅም።

የመጨረሻው የግብር ወረቀት ነው። አዲሱ ቁራጭ የራሱ የግብር ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፕሬሲዲዮ ቴራስ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር አለ፤ የውስጥ መንገዱ የነዋሪዎቹ የጋራ ንብረት ነው። የዓመት ግብሩ 14 ዶላር ነበር። ደብዳቤው ግን የሚሄደው ሥራውን ከተወ ዘመናት ወደሆነው የሂሳብ ሠራተኛ አድራሻ ነበር። ሳይከፈል ተጠራቀመና በ2015 ከተማው መንገዱን በጨረታ ሸጠው፣ ከ90 ሺህ ዶላር ጥቂት በላይ። ነዋሪዎቹ በራቸው ላይ ያለው መንገድ መሸጡን የሰሙት በ2017 ነው። ጩኸት በዝቶ በዚያው ዓመት ሽያጩ ተሠረዘ። እርስዎ ግን የምክር ቤት ጩኸት ውስጥ ከመግባት ይልቅ፣ ሰነዱ በተመዘገበ ሳምንት ወደ ካውንቲው የግብር ገማች ቢሮ ደውለው «ለዚህ አዲስ ቁራጭ የግብር ደብዳቤው ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ይጠይቁ።